ሁለት ገብተው አንድ ሲወጣ

ሳቢሳ መቁጠር አትችልም። የአገሬ ሰው ግን ይችላል። ይሄን አስቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ ያን ቀን በሬን ዘግቼ ተኝቼ እውል ነበር።

ጣጣው ሁሉ የእንዳላማው ነው። እንዳላማው ባልንጀራዬ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ፎቶ ቤት በጋራ ከፍተን እንሠራለን። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ያገኘነውን እናነሳለን። ካሜራው የእሱ ነው። እኔ ይሄይስ ደግሞ ቪዲዮውን እቆርጣለሁ፣ ድምፁን አጠራለሁ፤ ሠርጉ ቀዝቀዝ ሲልም መሐል ገብቼ እፎክራለሁ። ጉሮሮ ከሆነ አልተነፈግኩም። ዘራፍ ስል ሚዜው ይዘላል፣ እናቶች እልል ይላሉ፣ እንዳላማው በዚያ መሐል ያነሳል። እንጀራችን ይኸው ነበር።

ታዲያ ይሄ ሰው ከዓመት ወዲህ ሠርግ ሰለቸኝ አለ። ወፍ ያዘው። ወፍ! እሑድ በመጣ ቁጥር ሞተሩን አስነስቶ ይጠፋል፤ ሲመለስ እስከ ወገቡ ጭቃ ነው። «ይሄይስ፣ ሳቢሳዎቹ እንቁላል ጣሉ እኮ» ይለኛል፣ ሚስቱ በሰላም እንደተገላገለችለት አባወራ እየተፍለቀለቀ። «እሰይ! እና ገንፎ እናገንፋ?» እለዋለሁ። ሌላ ምን ልበለው?

ሳቢሳ ያቺ ረጅም እግር፣ ቀጭን አንገት ያላት፣ ውኃ ውስጥ ቀጥ ብላ ቆማ እንቁራሪት ስትጠብቅ የምትውለው ግራጫ ወፍ ናት። ከአምበር ከተማ ወረድ ብሎ የሁለታችንም የትውልድ ሰፈር አለ፤ ከሰፈሩ ሥር ደግሞ ሰፊ ጨፌ። ጨፌው መሐል ውኃው ላይ የተጋደሙ የአኻያ ዛፎች አሉ። ክረምት ሲገባ ሳቢሳዎቹ እዚያ ተሰብስበው ጎጇቸውን ይሠራሉ፤ ጎን ለጎን፣ እየተጨቃጨቁ፣ ጭራሮ እየተሰራረቁ። እንዳላማው እነሱን ካየ ወዲያ ሰው ፊት ላይ ብርሃን ማየት አቆመ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የፊልም ሰው «ጫጩቷ ቅርፊቱን ሰብራ ስትወጣ ከነድምፁ ቀርጸህ አምጣልኝ፣ ከዚያ ወዲያ ከእኔ ጋር ነህ» ብሎታል። ይህን ከሰማ በኋላ እንቅልፍ የለውም።

ድሮን አትበሉኝ። በዚህ ዘመን፣ በዚህ አገር፣ ሰማይ ላይ እሚያጉረመርም ነገር አስነስቶ ሰው መሐል የሚቆም ካለ ጤነኛ አይደለም። በእግር ገብቶ፣ ተደብቆ፣ ትንፋሽ ውጦ ነው እንጂ ሌላ መንገድ የለም።

አሁን መራሩን ልንገራችሁ። በእኔና በእንዳላማው መሐል ደም አለ። አባቱ አባቴን ገድሎታል። እዚያው ጨፌ ዳር፣ በግጦሽ ወሰን ተጣልተው፣ በአንድ ጥይት። ገዳዩ ታሰረ፣ ተፈታ፣ ቆይቶም ታሞ ሞተ። ሽማግሌዎች ደሙን አደረቁት፤ ሁለቱን ቤተሰብ በመስቀል አስምለው ከአንድ ትሪ አበሉን። እኔና እንዳላማው ያኔ ልጆች ነበርን፤ የተዋወቅነው እዚያ ትሪ ላይ ነው። የመጨረሻዋን ቁራጭ ሥጋ በጣቱ ገፋ አደረገልኝ። ከዚያ ወዲያ አልተለያየንም።

አጎቴ ዘመነ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ከዚያ ትሪ አልበላም። «እኔ አልማልኩም፤ ዓባይ ደግሞ ወንድ ልጅ አለው» ብሎ ተነስቶ ወጣ። ዓባይ አባቴ ነው፤ ወንዱ ልጅ እንግዲህ እኔ ነኝ። ሰፈር በሄድኩ ቁጥር ዘመነ ሰላምታዬን ተቀብሎ እጆቼን ያያል፣ መቼ ነው እንደማለት። በወዲያ በኩል ደግሞ አንሙት አለ፣ የእንዳላማው ታላቅ ወንድም። እሱም ያየኛል፤ አንድ ቀን የአባቱ ደም ይነሳበታል ብሎ ይጠረጥረኛል። ሁለቱም ጠመንጃ አላቸው። እኔ ያለኝ ኮምፒውተርና የጆሮ ማዳመጫ ነው።

ይኸው ነው። አሁን ወደ ቀኑ እንሂድ።

«ወፏ ሰው ሲገባ ካየች፣ ያ ሰው ሲወጣ እስክታይ ድረስ ጎጆዋ ላይ ተረጋግታ አትቀመጥም» አለኝ እንዳላማው። «እና ሁለት ሆነን እንገባለን፣ አንተ ትወጣለህ። እሷ መቁጠር አትችልም። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ፣ አለቀ! ትቀመጣለች። ከሰዓት በኋላ ተመልሰህ ታወጣኛለህ።»

«ማን ነው ይሄን ያስተማረህ?»

«ኢንተርኔት ላይ አይቼ ነው። የወፍ አንሺዎች ሁሉ እንዲህ ነው እሚሠሩት። ስትወጣ ግን ዓይኗ አንተ ላይ እንዲሆን ድምፅህን አሰማ። ጩኽ፣ ዝፈን፣ የፈለግኸውን አድርግ።»

«በድምፅ በኩል አታስብ» አልኩት። አየ እኔ!

ለሰፈሩ ሰው ትንፍሽ አላልንም። እናቱ እትዬ ያለምወርቅ እንኳ መምጣታችንን አያውቁም። «እማዬ ከሰማች ምሳዬን ይዛ እየተጣራች ትመጣለች፤ ወፎቹ ከዚያ ወዲያ የሉም» ብሎ ከለከለኝ።

የነሐሴ ጠዋት ነው። ጉም ተነስቶ ዳገቱ ላይ ጤፍ አራሚዎች ተደርድረዋል። በሥራቸው ስናልፍ እጃችንን አነሳንላቸው፣ አነሱልን። ከዚያ ውኃው ውስጥ ገባን። ያ ረግረግ ስንት ከብት የበላ ነው፤ ላዩ ሣር፣ ሥሩ ባዶ። እንዳላማው ግን ባለፉት ሳምንታት አጣና እየረበረበ የምትረገጥ ቀጭን መንገድ ሠርቷል፤ የት የት እንደሚረገጥ የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን። እየተንገዳገድን፣ ደንገሉን በእጃችን እየገለጥን ከዛፎቹ ሥር ደረስን። ሳቢሳዎቹ ተነስተው በላያችን ይዞሩ ጀመር። እየጮሁ! ድምፃቸው እንደ መልካቸው አያምርም።

መደበቂያዋ ከአጣና የተሠራች መደብ ናት፤ በማዳበሪያ ጆንያ ተጋርዳ፣ በደንገል ተሸፍና። እጅህን ዘርግተህ ካልነካሃት አታያትም። እንዳላማው ገብቶ ካሜራውን ተከለ። ቢጫ ጃኬቱን አወለቀ።

«ልበሰው፣ ወፎቹን ያስበረግጋል። ስልኬንም ያዝልኝ፣ እዚህ ከጮኸ ጉድ ይፈላል። ከሰዓት በኋላ አንተ መጥተህ እስክታወጣኝ ድረስ እኔ እዚህ የለሁም፤ ማንም ቢጠራኝ አልመልስም።»

«እኔ ብጠራህስ?»

«አንተማ ለምን ትጠራኛለህ?» አለና ሳቀ። ከዚያ ጆንያውን መለሰ።

ጃኬቱን ለበስኩ፣ ስልኩን ኪሴ ከተትኩ፣ ተመለስኩ። መሐል ላይ አንገቴ ሥር ምን ይበላኛል? እጄን ብሰድ አልቅት። ወፍራም ሆናለች፣ ደሜን ጠጥታ። መንጭቄ ጣልኳት። አንዷ በባቴ፣ አንዷ በክንዴ፤ ሁሉንም መነጨቅኩ። የአልቅት ቁስል ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ደሙ በዋዛ አይቆምም። ጃኬቱ ደረት ላይ ወረደ፣ እጄ ላይ ወረደ፣ ሱሪዬ ላይ ወረደ። ግድ አልሰጠኝም። ዳር ስደርስ የታዘዝኩትን ልፈጽም አልኩ። ደረቴን ነፋሁ።

«ዘራፍ! ዘራፍ የዓባይ ልጅ! ጥቃት የማይወድ! ዘራፍ!»

ሜዳው አስተጋባ። ወፎቹ በእውነትም ዓይናቸው እኔ ላይ ሆነ። ደስ አለኝ፣ ደገምኩት። እየተንጎራደድኩ፣ በእንዳላማው ጃኬት፣ በደም ተጨማልቄ፣ የተገደለ አባቴን ስም እየጠራሁ ዳገቱን ወጣሁ። አቤት ቂልነት! አራሚዎቹ አንድ በአንድ ቀና አሉ። ማረማቸውን ተዉ። አንዲት ሴት ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። አንዱ ጎልማሳ ዱላውን ጥሎ ወደ ሰፈሩ ሮጠ። እኔ ምን መሰለኝ? ጉሮሮዬን ያደነቁ መሰለኝ። እጄን አነሳሁላቸው፤ በዚህኛው ዙር ማንም አላነሳልኝም።

የዘመነ ቤት መንገዱ ላይ ነው። ጎራ ብዬ እህል ልቀምስ አስቤ ስደርስ እሱ ራሱ ደጅ ቆሟል። ሰላም እንኳ ሳልለው መጥቶ አቀፈኝ። ዘመነ! በሕይወቱ አቅፎኝ የማያውቅ ሰው። ግንባሬን ሳመኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ተባረክ» አለኝ። «ተባረክ ልጄ። እኔ እኮ አንተን ሴት ብዬህ ነበር። ዛሬ ዓባይ ተነሳ።»

«ምን ሆንክ አያ ዘመነ?»

ቤት ገብቶ ጠመንጃውን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ። «በል ጊዜ የለም። በዚህ በጓሮ ውረድ፣ ገደሉን ተከትለህ ዱር ግባ። ስንቅ ማታ አሲዤ እልክልሃለሁ።»

ያኔ ነው የገባኝ። እጄን አየሁ፣ ደም። ደረቴን አየሁ፣ የእንዳላማው ጃኬት፣ ደም። ሁለት ሆነን ስንገባ አይተዋል፤ ብቻዬን ወጣሁ። ያውም ፎክሬ! በእኛ አገር ሰው ገድሎ ደሙን የመለሰ ነው እንደዚያ ፎክሮ የሚወጣው።

«ኧረ በማርያም! አልነካሁትም! ሕያው ነው፣ ወፍ እያነሳ ነው!»

ዘመነ በዓይኑ ጠቀሰኝ። «ልክ ነው። ለፖሊስም እንዲያ በል።»

በዚህ መሐል ኪሴ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። አወጣሁት። «እማዬ» ይላል። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ፤ ከዚያ አነሳሁት። ምን ማድረግ ነበረብኝ?

«እንዳላማው?» አሉ እትዬ ያለምወርቅ።

«እትዬ፣ ይሄይስ ነኝ። እንዳላማው ደህና ነው፣ ጨፌው ውስጥ…»

ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማኛል። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ሳይቆጡ፣ «ልጄ፣ ሬሳውን የት አደረግኸው?» አሉኝ። «እሱን ብቻ ንገረኝ። ወፍ ሳይበላው።»

«እትዬ፣ በሞቴ፣ አልሞተም…» ስልኩ ተዘጋ።

ብሸሽ አንሙት ዘመነን ወይም ከልጆቹ አንዱን ይጥላል፤ ደሙ እንደ አዲስ ይከፈታል። ብቆም እኔን ይጥለኛል። ከዚህ የሚያወጣኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዳላማው ከዚያ ደንገል መሐል በእግሩ ቆሞ መታየት አለበት። ጠመንጃውን ለዘመነ መልሼለት ወደ ጨፌው ቁልቁል ሮጥኩ። «አንተ! የት ነው የምትሄደው? አበድክ እንዴ!» እያለ ከኋላዬ ይጮሃል።

አንሙት ቀድሞኛል። ጨፌው ዳር ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል፤ አራሚዎቹ፣ ጎረቤቱ፣ ግማሹ ሰፈር ከኋላው። ስመጣ ሲያየኝ አላመነም መሰለኝ፣ አፉን ከፈተ። ከዚያ ዓይኑ ጃኬቱ ላይ አረፈ።

«የወንድሜን ልብስ ለብሰህ መጣህ?» አለኝ።

«አያ አንሙት፣ ስማኝ፣ ደሙ የአልቅት ነው…»

በሰደፉ ትከሻዬን ሲለኝ ጭቃው ላይ በጉልበቴ ወደቅኩ። የጠመንጃው አፍ ማጅራቴ ላይ መጣ። ቀዝቃዛ ነው። ዝናቡም ያኔ ጀመረ፣ ወፍራም ወፍራም ጠብታ።

«እዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጧል! ጎጆ አለችው፣ አትታይም! ልጥራው!»

«ጥራው።»

ጠራሁት። «እንዳላማው!» አልኩ። ያ በሠርግ ላይ ሰው የሚያስዘልል ጉሮሮ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ። ውኃው ላይ ሄደ፣ ወዲያ ማዶ ደርሶ ተመለሰ። ምንም የለም።

«እንዳላማው! ይሄይስ ነኝ! ውጣ!»

ምንም። ደንገሉ እንኳ አልተነቃነቀም። ዛፎቹ ላይ ሳቢሳዎቹ ጎጇቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። ተረጋግተው። አንዷ ክንፏን ታበጥራለች። ያ የተረገመ ዘዴ በደንብ ሠርቷል።

አንሙት እሱንም አየ። «ሰው ካለበት ወፍ እንዲህ ይቀመጣል?» አለ።

«ዘዴ ነው! ሁለት ገብቶ አንድ ሲወጣ አታውቅም፣ መቁጠር አትችልም!»

«እኔ ግን እችላለሁ» አለ አንሙት። «ሁለት ገባችሁ። አንድ ወጣህ።»

«ገብቼ ላምጣው!»

«ገብተህ በወዲያ ልትሾልክ?»

«በገመድ እሰረኝና ልግባ! ሰው ላክ!» ስል ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ማን ይገባል? ረግረጉን ያውቁታል። ከብቶቻቸውን የዋጠ ነው።

አንሙት ጠመንጃውን አቀባበለ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ቀጭ ቀጭ። እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ሬሳ ስትቀበል ይሄ የመጀመሪያዋ አይደለም። ያኔ ለመንኩ። አላፍርም፣ ለመንኩ።

«እንዳላማው! በእናትህ! ሊገድለኝ ነው! በአባቴ አጥንት ይዤሃለሁ፣ ተነስ!»

ድምፄ መሐል ላይ ተሰበረ። ማንም አልተነሳ። ዝናቡ ብቻ። እና ታውቃላችሁ ምን አሰብኩ? ሞቷል አልኩ። ከመደቡ ወድቆ ሰጥሟል፣ እኔ ሳላውቅ ገድዬዋለሁ። እዚያ ጭቃ ላይ ተንበርክኬ፣ ጠመንጃ ማጅራቴ ላይ ሆኖ፣ ለእሱ አዘንኩ። ለእሱ!

ሰዉ ገለል ሲል እትዬ ያለምወርቅ መጡ። አላዩኝም። አንሙትንም አላዩትም። ጫማቸውን አወለቁ፣ ጎን ለጎን አስቀመጡት፣ ቀሚሳቸውን መቀነታቸው ውስጥ ሰበሰቡና ውኃው ውስጥ ገቡ።

«እማዬ! ያሰጥምሻል!» አለ አንሙት።

«የወለድኩት እኔ ነኝ፤ የማወጣውም እኔ ነኝ» አሉ ሳይዞሩ። ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደው እስከ ወገባቸው ሰመጡ። አንሙት ጠመንጃውን ጥሎ ዘለለ። እሳቸው ደንገሉን ይዘው እየተንደፋደፉ «እንዳላማው! ልጄ!» ብለው ጮኹ። ሳቢሳዎቹ አንድ ላይ ተነሱ። ሰማዩ ግራጫ ሆነ።

ከዚያ ከደንገሉ መሐል አንድ ጭንቅላት ወጣ።

«እማዬ ቁሚ! እዚያው ቁሚ፣ እንዳትነቃነቂ!»

ሰዉ «ወይኔ!» አለ፤ ግማሹ አማተበ፣ ግማሹ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እንዳላማው በአጣናዎቹ ላይ እየሮጠ መጥቶ ከወንድሙ ጋር እናታቸውን ጎትተው አወጧቸው። እሳቸው ፊቱን፣ ጆሮውን፣ ጣቶቹን ይዳስሳሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ምንም ሳይሉ ነጠላቸውን አውልቀው የአንገቴን ደም ጠረጉልኝ።

አንሙት ከጨፌው ዳር ድንጋይ አነሳ። ከባድ ድንጋይ። ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ መጥቶ እግሬ ሥር አጎነበሰ፤ ይቅርታ ማለቱ ነው። አነሳሁለት። ምን ልበል? በእሱ ቦታ ብሆን እኔስ ምን አደርግ ነበር?

«አልሰማሁም» አለኝ እንዳላማው፣ እያቀፈኝ። «ዝናቡ ጆንያው ላይ ሲወርድ ጆሮ ያደነቁራል። ማርያምን አልሰማሁም።» አመንኩት። ጆንያ ላይ ዝናብ ሲወርድ ምን ይሰማል? ዳገቱ ላይ ዘመነ ጠመንጃውን ይዞ ቆሞ ነበር፤ ሰው እንደሞተበት ሰው አንገቱን ደፍቶ ዞረና ሄደ።

ደብረ ማርቆስ ተመለስን። ሁለት ቀን ትኩሳት ያዘኝ። በሦስተኛው ሥራ ገባሁ። እንዳላማው ደስታው ሌላ ነው፤ ጫጩቷን አግኝቷታል። የቀረጸውን ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖልኛል።

«ምስሉን ብቻ ቁረጥልኝ» አለኝ። «ድምፁን ተወው፣ እሱን እኔ አየዋለሁ።»

አብረን ከሠራን ጀምሮ ድምፅ ነክቶ አያውቅም። ገና ስላልዳንኩ አዝኖልኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ለማገዝ ብዬ፣ ሻይ ሊያመጣ ሲወጣ የጆሮ ማዳመጫውን አደረግሁ።

ምስሉ እንዴት ያምራል! ጎጆው ውስጥ ሰማያዊ የሚመስል እንቁላል፤ ላዩ ላይ ስንጥቅ። ምንቃር ከውስጥ ታንኳኳለች፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፤ እሱ እንኳ ይሰማል። ዝናቡ ጆንያው ላይ መውረድ ይጀምራል። ያደነቁራል ያለው ዝናብ ሹክሹክታ ነው። ከዚያ ከሩቅ የእኔ ድምፅ።

«እንዳላማው!»

ከማይክሮፎኑ አጠገብ፣ ከጆሮዬ አጠገብ፣ ቀስ ብሎ፣ «ቆይ።»

«እንዳላማው! ይሄይስ ነኝ! ውጣ!»

«ቆይ እሺ፣ ቆይ» ይላል፣ ለራሱ። ስንጥቁ ሰፋ። ክንፍ ታየ። ሩቅ የአንሙት ድምፅ ይመጣል፤ ውኃ ድምፅ አይደብቅም፣ «ሁለት ገባችሁ። አንድ ወጣህ» ይላል። ከዚያ ቀጭ ቀጭ። ማቀባበሉ። የእንዳላማው ትንፋሽ ቆመ። ሰምቷል። ከዚያ እኔ፣ በዚያ በተሰበረ ድምፄ፣ «ሊገድለኝ ነው! በአባቴ አጥንት ይዤሃለሁ…»

«ትንሽ፣ ይሄይስ» ይላል። ስሜን ጠርቶ። «ትንሽ ብቻ፣ ወጣች እኮ።»

ጫጩቷ ቅርፊቱን ጥላ ወደቀች፣ እርጥብ፣ አስቀያሚ፣ አንገቷ የሚንቀጠቀጥ። እንዳላማው ሳቀ። ደስ ብሎት፣ እንደ ልጅ፣ ቀስ ብሎ ሳቀ። ከዚያ «ልጄ!» የሚል የእናቱ ጩኸት፣ እና ወዲያው አጣናው ሲንቋቋ። ለእሳቸው ተነሳ። ለእኔ አልተነሳም።

ካሜራው ግን አልጠፋም ነበር። መቅረጹን ቀጥሏል። እናቲቱ ሳቢሳ ሄዳለች። ባዶ ጎጆ፣ ዝናብ፣ ጫጩቷ አፏን ከፍታ። ብዙ አልቆየም፤ አንድ ቁራ መጣ። እንዳላማው የቀረጸውን እስከዚህ ድረስ አላየውም መሰለኝ።

ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ገባ። የጆሮ ማዳመጫውን ራሴ ላይ ሲያይ እዚያው በሩ ላይ ቆመ።

«ሰማኸው» አለ።

«ሰማሁት።»

«ይሄይስ፣ አንሙት እኮ አይተኩስም። ወንድሜ ነው፣ አውቀዋለሁ።»

«አንሙት ግን አያውቅም ነበር» አልኩት። «እኔም አላውቅም ነበር። እናትህም አያውቁም ነበር።»

ሻዩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፤ የእኔን ብርጭቆ በጣቱ ወደ እኔ ገፋ አደረገ። ያንን ትሪ አስታወሰኝ። ደሜ ፈላ፤ አንጀቴ ደግሞ ተላወሰ፤ ሁለቱም አንድ ላይ። በአባቴ ገዳይ ልጅ ላይ እንዲህ ተሰምቶኝ አያውቅም። ዘመነ በዚያ ሁሉ ዓመት ሊያቀምሰኝ ያልቻለውን ጥላቻ ይሄ ሰው በአንዲት «ትንሽ» አቀመሰኝ።

«ይቅር በለኝ» አለ። እንባው መጣ። ቆየና፣ አላስችል ብሎት፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ «ምስሉስ?» አለኝ።

«ያምራል» አልኩት። «እስከ መጨረሻው እየው። ቁራ በልቷታል።»

ፊቱ ዓመድ መሰለ። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ሌሎች ጎጆዎች አሉ» አልኩት ቀስ ብዬ። «ያልተፈለፈሉ። እሑድ እንገባለን።»

ቀና አለ። ዓይኑ በራ፤ ያ ወፍ የያዘው ዓይን። «እውነትህን ነው? ከእኔ ጋር? ካሳለፍከው ሁሉ በኋላ?»

«ካሜራውን እኔ እይዛለሁ። አንተ ነህ እምትወጣው። የእኔን ጃኬት ለብሰህ፣ ስልኬን ይዘህ፣ ድምፅህን እያሰማህ። መንገዱ በዘመነ ደጅ ነው፤ ዘመነም መቁጠር ይችላል።»

ሻዩን ሊያነሳ የዘረጋው እጁ አየር ላይ ቀረ። እየቀለድኩ እንደሆነ ከፊቴ ላይ ፈለገ።

«ብጠራህስ?» አለኝ በመጨረሻ።

«እሰማሃለሁ» አልኩት፣ እና ሻዬን ጠጣሁ።